ማየት ሳይቻል ስልክ መጠቀም፦ ከኔ ልምድ ለጀማሪ፣ ለቤተሰብና ለአፕ ሠሪ

እኔ ዓይነ ስውር ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ፈተና አወጣለሁ፣ ውጤት እመዘግባለሁ፣ ገንዘብ እልካለሁ፣ ዜና አነባለሁ። ይህን ሁሉ የምሠራው በተራ ስልክና በአሮጌ ላፕቶፕ ነው። ልዩ መሣሪያ የለኝም። ሰው ግን ይህን ማመን ይከብደዋል። ታክሲ ውስጥ ስልኬን ስነካካ «ይቅርታ ወንድሜ፣ ትንሽ ትንሽ ታያለህ አይደል?» የሚለኝ አይጠፋም። አንዳንዱማ ዓይነ ስውር መሆኔንም ይጠራጠራል።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት ሌሎች ዓይነ ስውራንን ስልክ አስተምራለሁ። ብዙዎቹ በጎልማሳነታቸው በግላኮማ ወይም በስኳር በሽታ ምክንያት ዓይናቸውን ያጡ ናቸው። እኔ በልጅነቴ ብሬል ተምሬያለሁ፤ ነጭ በትሬን ይዤ ነው ያደግኩት። እነሱ ግን ጋዜጣ ሲያነቡ የኖሩ ሰዎች ናቸው። አሁን የባንክ መልእክት እንኳ የልጅ ልጅ ጠርተው ነው የሚያስነብቡት። በዋናነት የምጽፈው ለነሱና ለልጆቻቸው ነው። ዓይናማ ሆናችሁ ማስታወቂያ፣ ደብዳቤ ወይም አፕ ለምታዘጋጁም የምለው አለኝ። እንዲያውም ዋናው እሱ ነው፤ ስልኩማ መናገር ከጀመረ ቆይቷል።

ከመሣሪያው እንጀምር። ስክሪን ሪደር የሚባለው ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ነው። አንድሮይድ ላይ ቶክባክ ይባላል፣ አይፎን ላይ ደግሞ ቮይስኦቨር። ሁለቱም ነፃ ናቸው። ቮይስኦቨር እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከአይፎን ጋር አብሮ ይመጣል። ቶክባክም በአብዛኞቹ አንድሮይድ ስልኮች ውስጥ ተጭኖ ይገኛል። ከሌለ ፕሌይ ስቶር ላይ «አንድሮይድ አክሰሲቢሊቲ ስዊት» ብላችሁ ፈልጉት። እንግዲህ ለዓይነ ስውር የተሠራ ልዩ ስልክ አስመጣለሁ ብሎ ብዙ ብር የሚጠይቃችሁ ሰው ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ሂዱ።

ስልክ ስትገዙ እዚያው ሱቅ ውስጥ ሞክሩት። በብዙ ስልኮች ሁለቱን የድምፅ ቁልፎች አንድ ላይ ለሦስት ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ ቶክባክን ያበራዋል። ካልሠራ ሴቲንግ ውስጥ አክሰሲቢሊቲ የሚለውን ክፈቱ። ሻጩን ቀድማችሁ ብታስጠነቅቁት ጥሩ ነው። ቶክባክ ሲበራ የስልኩ አነካክ ይለወጣል፤ አንዴ መንካት ያስነብባል እንጂ አይከፍትም። አንድ የመርካቶ ነጋዴ «ኧረ ስልኩን አበላሸኸው!» ብሎ በድንጋጤ ከእጄ ሊነጥቀኝ ነበር።

አነካኩ እንዲህ ነው። ጣትህን ስክሪኑ ላይ ስታንሸራሽር ጣትህ ያረፈበትን ሁሉ ያነብልሃል። ወደ ቀኝ ጠረግ ብታደርግ ወደሚቀጥለው ነገር ይሄዳል፣ ወደ ግራ ወደኋላ ይመለሳል። የፈለግከውን ስትሰማ የትም ቦታ ሁለቴ ቶሎ ቶሎ ትነካለህ፣ ይከፈታል። ገጹን ከፍና ዝቅ ለማድረግ ሁለት ጣት ትጠቀማለህ። ለጀማሪ ይኸው ይበቃዋል። በሦስት ጣት፣ በአራት ጣት የሚሠራው ሌላ ጊዜ ይደርሳል። መጀመሪያ ላይ ሁሉንም ትእዛዝ በአንድ ቀን ልማር ያለ ሰው በማግስቱ ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ሲከተው ነው ያየሁት።

ካስተማርኳቸው አንዱ ጋሼ የምላቸው ጡረተኛ ናቸው። የመጀመሪያው ቀን ከቶክባኩ ድምፅ ጋር ተጣሉ። «አንተ ልጅ፣ ይቺ ሴትዮ ዝም አትልም እንዴ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ባትሪውን፣ ሰዓቱን፣ የመጣውን ማስታወቂያ ሁሉ ሳትጠየቅ ታወራለች። በሁለት ጣት አንዴ መታ ማድረግ ዝም እንደሚያሰኛት ሳሳያቸው ግማሹ ችግር ተፈታ። ቀጥሎ የንግግሩን ፍጥነት ቀነስንላቸው። ጀማሪ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጎ ይጀምር፣ ጆሮው ሲለምድ እያሳደገ ይሂድ። ዛሬ የኔን ስልክ አጠገቤ ያለ ሰው ሲሰማው ምን እንደሚል አይገባውም። ለኔ ደግሞ ከዚያ የዘገየ ከሆነ እንቅልፌን ያመጣዋል።

ከጋሼ ጋር መጀመሪያ የሠራነው ስልክ መደወልና ማንሳትን ብቻ ነው። ሌላ ምንም አልነካንም። ልጃቸው ጋ ራሳቸው ደውለው «ማን ደወለልህ?» ስትላቸው የመለሱላትን መልስ እዚህ አልጽፈውም፤ ትንሽ ስድብ አለበት። ከዚያ በኋላ ግን የሚያቆማቸው አልተገኘም።

ለቤተሰብ አንድ ልመና አለኝ። «አምጣው፣ እኔ ላድርግልህ» የምትሉትን ተዉ። ደግነት መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን ስልኩን ከእጁ በወሰዳችሁበት ቁጥር ሰውየው ከዜሮ ይጀምራል። የአፖችን ቦታ ሳትነግሩት አትቀያይሩ። እናንተ በዓይናችሁ ትፈልጉታላችሁ፣ እሱ ግን ቦታውን በጣቱ ነው የሚያስታውሰው።

አሁን ወደ አማርኛው። ብዙ ሰው ቶክባክን ያበራና ስልኩ አማርኛውን ዘልሎ እንግሊዝኛውን ብቻ ሲያነብ ተስፋ ይቆርጣል። ምክንያቱ የስልኩ ድምፅ አማርኛ ስለማያውቅ ነው። መፍትሔው አማርኛ የሚያውቅ የድምፅ ሞተር መጫን ነው። እኔ የምጠቀመው ኢስፒክ ኤንጂ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ነው። ከጫናችሁት በኋላ ሴቲንግ ውስጥ «ቴክስት ቱ ስፒች» የሚለው ጋ ሄዳችሁ እሱን ትመርጣላችሁ። ድምፁን አላሞካሽም። አማርኛ በመማር ላይ ያለ ፈረንጅ ያወራችሁ ይመስላል። ኢንተርኔት ግን አይፈልግም፣ ስልክ አያንቀራፍፍም፣ ጆሮ ደግሞ ይለምዳል።

ላፕቶፕ ላይ ኤንቪዲኤ የሚባል ስክሪን ሪደር አለላችሁ። ማይክል ከረንና ጄምስ ቴ የሚባሉ ሁለት አውስትራሊያውያን ዓይነ ስውራን እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመሩት ሥራ ነው፣ እስከ ዛሬም በነፃ ይሰጣል። ኢስፒክ በውስጡ ስላለ አማርኛም ያነባል። ረጅም ጽሑፍ ጥሩ በሆነ ድምፅ መስማት ካማራችሁና ኢንተርኔት ካላችሁ ደግሞ ኤጅ ብሮውዘር ላይ «ሪድ አላውድ» የሚለውን ሞክሩ። መቅደስና አምሃ የሚባሉ ሁለት የአማርኛ ድምፆች አሉት። እኔ ረጅም ጽሑፍ የማነበው በመቅደስ ነው። ቁምነገር ሲሆን ግን ወደ ኢስፒክ እመለሳለሁ፤ ፊደል በፊደል መፈተሽ የሚቻለው በስክሪን ሪደር ነው።

መጻፍን በተመለከተ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ኪቦርዱን እየዳሰሱ መጻፍ ነው። የኛ ፊደል ከነእርባታው ብዙ ስለሆነ በመጀመሪያ አድካሚ ነው። ሌላው ተናግሮ ማስጻፍ ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2017 አማርኛን በድምፅ ከሚጻፉ ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ጂቦርድ በሚባለው የጉግል ኪቦርድ ላይ ማይክሮፎኑን ነክታችሁ ታወራላችሁ፣ እሱ ይጽፋል። አራት ነጥቡን ራሳችሁ መጨመር ሊኖርባችሁ ይችላል። ሳትልኩ ግን አስነብቡት። ስሞችን በተለይ በራሱ አማርኛ ነው የሚጽፋቸው።

ሌላ የኛ ብቻ የሆነ ጣጣ አለ። ሀ፣ ሐ እና ኀ በድምፅ አይለዩም። ሰ እና ሠም እንዲሁ። ስለዚህ የምጽፈው ፊደል ትክክለኛው ይሁን አይሁን በጆሮዬ ላውቀው አልችልም። ለተማሪ የማወጣውን ፈተና ከማባዛቴ በፊት አንድ የአማርኛ መምህርት በዓይኗ ታይልኛለች። ይህን እንደ ውርደት አላየውም። ዓይናማውም ቢሆን አርታኢ ያስፈልገዋል።

ገንዘቡን በደንብ ላውራ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ስልክ መማር የሚፈልገው ለሱ ነው። ድሮ የሚስጥር ቁጥራችንን የሚያውቀው ሌላ ሰው ነበር። ወንድም፣ የሠፈር ልጅ፣ አንዳንዴም ያገኘነው መንገደኛ። ብር ሲቆጠርልን እመን ከመባል ሌላ ምርጫ አልነበረንም። አንድ ባንክ ደግሞ ኤቲኤም ካርድ ስጠይቀው «ምስክር ይዘህ ና» አለኝ። መምህር ነኝ፣ ደመወዜ እዚያው ነው የሚገባው፣ የምወጣውም የምገባውም ብቻዬን ነው። ምን እንዲመሰክርልኝ እንደተፈለገ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ሲጀመር ለኔ ትልቅ ነገር ሆኖልኛል። የኮከብ መሰላል ኮዱን፣ ማለትም *127# ደውዬ የሚመጣውን ዝርዝር ቶክባክ ያነብልኛል፤ ቁጥር አስገብቼ እልካለሁ። ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል። የዚህ ዓይነቱ አገልግሎት አንድ አስቸጋሪ ነገር አለው፤ ሰዓት ይቆጥራል። ዝርዝሩ ተነቦ ሳያልቅ ይዘጋል። ዘዴው የምትፈልጉትን አገልግሎት ቁጥሮች በቅደም ተከተል ቀድሞ በቃል መያዝ ነው። ላክ ስንት ቁጥር ነው፣ ከሱ ቀጥሎ ምን ይጠይቃል፣ እያላችሁ አንድ ጊዜ ከሚያይ ሰው ጋር ቁጭ ብላችሁ አጥኑት። ዝርዝሩ አንዳንዴ ስለሚቀየር «ላክ» ከማለታችሁ በፊት የመጨረሻውን ማረጋገጫ ግን ሳትሰሙ አትለፉ።

የባንክ አፖች ነገር የተለያየ ነው። አንዳንዱ እንደ ውሃ ይነበባል። አንዳንዱን ስትከፍቱት «አንሌብልድ፣ ባተን፣ አንሌብልድ፣ ባተን» ብቻ ነው። ስም የሌለው ቁልፍ ማለት ነው። የቱ መላኪያ፣ የቱ መውጫ እንደሆነ አይታወቅም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ቶክባክ ስም ለሌለው ቁልፍ የራሳችሁን ስም እንድትሰጡ ይፈቅዳል። በሦስት ጣት ስክሪኑን መታ ስታደርጉ ከሚመጣው ሜኑ ውስጥ ሌብል የሚለውን ምረጡ። ከዚያ «ማስተላለፊያ»፣ «ሒሳብ ማያ» እያላችሁ ሰይሟቸው። ሁልጊዜ አይሠራም፣ አፑ ሲታደስም ሊጠፋ ይችላል። ሲሠራ ግን ግልግል ነው።

በኤስኤምኤስ የሚመጣውን የማረጋገጫ ቁጥር በተመለከተ፣ ከአፑ ወጥታችሁ መልእክቱን ልትከፍቱ ስትሄዱ አንዳንዱ አፕ ከመጀመሪያው ያስጀምራችኋል። ሳትወጡ ቶክባክ ማስታወቂያው ሲመጣ የሚያነበውን አድምጡና ቁጥሩን በቃል ያዙ። ይህን ስታደርጉ የጆሮ ማዳመጫ አድርጉ። ሚስጥር ቁጥራችሁን ታክሲው ሙሉ እንዲሰማው አትፈልጉም። መንገድ ላይ ስትሄዱ ግን አንድ ጆሯችሁን ብቻ ያዙበት፤ መኪና የሚሰማው በሌላው ነው። አዳዲሶቹ ቶክባኮች ላይ ስክሪኑን ፈጽሞ የሚያጨልም ምርጫም አለ። ስልኩ ይሠራል፣ አጠገባችሁ ያለው ሰው ግን የሚያየው ጥቁር መስታወት ብቻ ነው። ዓይናማ ጓደኞቼ የሚቀኑብኝ በዚህ ብቻ ነው።

እንግዲህ ወደ እናንተ ወደ ዓይናሞቹ ልምጣ። ስልኬ እንደምታዩት አብዛኛውን ነገር ይችላል። የማይችለው የምትልኩልንን ነገር ነው።

አንደኛው ፎቶ ነው። ስብሰባ ይጠራል፣ ደብዳቤው በፎቶ ተነስቶ ቴሌግራም ላይ ይለጠፋል። የሥራ ማስታወቂያው ፎቶ ነው። መርዶው ፎቶ ነው። እኔ የምሰማው «ፎቶ» የሚለውን ብቻ ነው። ለቅሶ ቤት ሳልሄድ ቀርቼ ሰው ቅር ሲለው ምን ብዬ ላስረዳ? ከፎቶው ሥር ሦስት መስመር ጻፉበት፤ ማን፣ መቼ፣ የት። ደብዳቤውን በኮምፒውተር የጻፈው ሰው ፎቶ ከማንሳት ፋይሉን ቢልከው ደግሞ የበለጠ ነው።

ፋይሉም የራሱ ችግር አለው። የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ፊደልን በሚለዩበት የጋራ ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የግዕዝ ፎንቶች የላቲን ፊደልን ቦታ ተውሰው ላዩ ላይ የአማርኛ ቅርጽ የሚስሉ ነበሩ። ለዓይን አማርኛ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅ ነው፣ ስክሪን ሪደሩም የሚያነበው ያንኑ ነው። በጣም የሚገርመው ዛሬም በነዚህ ፎንቶች የሚጽፉ መሥሪያ ቤቶች መኖራቸው ነው። ፋይላችሁን ለመፈተሽ ከፒዲኤፉ አንድ መስመር ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ለጥፉት። አማርኛ ሆኖ ከወጣ ደህና ነው። የተዝረከረከ የላቲን ፊደል ከወጣ እኔም የምሰማው እሱን ነው። ናይላን ወይም አቢሲኒካን የመሰለ የዩኒኮድ ፎንት ተጠቀሙ።

ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ለደረሳችሁ ዓይነ ስውራን ግን ማምለጫ አለ። ጉግል ድራይቭ ላይ ጫኑትና በጉግል ዶክስ ክፈቱት። ምስሉን ወደ ጽሑፍ ይለውጠዋል፣ አማርኛም ያውቃል። የሚመሳሰሉ ፊደሎችን ያምታታል፣ ሠንጠረዥ ያበላሻል፣ ማኅተም ያረፈበትን ቦታ ደግሞ የሚያነበው በግምት ነው። ሐሳቡን ለመያዝ ይበቃል። ውል ከሆነ ግን ሳታስነብቡ አትፈርሙ።

ሌላው የአጻጻፍ ነገር ነው። አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል የምትጽፉ ወዳጆቼ፣ ስክሪን ሪደሬ በእንግሊዝኛ አነጋገር ሲያነበው ብትሰሙት ዳግመኛ አትጽፉም ነበር። በአራት ነጥብ ፈንታ ሁለት ኮሎን ስትደረድሩ በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ «ኮሎን ኮሎን» ይለኛል። በተከታታይ የተደረደሩ ልቦችና አበቦች አንድ በአንድ በስማቸው ሊጠሩ ይችላሉ። ለልደቴ ከተላከልኝ መልእክት መልካም ምኞቱ ጋ የደረስኩት ብዙ ቀይ ልብ አልፌ ነው።

ስለ ድምፅ መልእክት አንድ ነገር ልጨምር። እኔ እወደዋለሁ። መስማት የተሳነው የሥራ ባልደረባዬ ግን አይጠቅመውም። በሱ በኩል ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ንዑስ ጽሑፍ የሌለው ቪዲዮ ለሱ ባዶ ነው፣ «ደውልልኝ» የሚል ማስታወቂያም እንደዚያው። እኔና እሱ የምናወራው እንዲህ ነው። እሱ ይጽፋል፣ ስልኬ ያነብልኛል። እኔ ጂቦርዱ ላይ እናገራለሁ፣ ስልኬ ይጽፍለታል። መምህራን ማረፊያ ውስጥ ሰው ዝም ብሎ ያየናል አሉ። አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ስለ ኳስ ነው። ስለዚህ ቡድን ላይ ጠቃሚ ነገር በድምፅ የምትልኩ ሰዎች ከሥሩ በአጭሩ ጻፉት። ቪዲዮ ከሆነም ንዑስ ጽሑፍ ጨምሩበት። በምልክት ቋንቋ ቢተረጎም ደግሞ መስማት ለተሳናቸው ለብዙዎቹ ከጽሑፉም ይሻላል፤ ምልክት ቋንቋ የመጀመሪያ ቋንቋቸው ነውና።

አፕና ድረ ገጽ ለምትሠሩ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 9 ተደራሽነትን ሲዘረዝር ሕንፃና መንገድ ብቻ አይልም። መረጃና ኮሙኒኬሽን፣ ኢንተርኔትም ጭምር ይላል። ስለዚህ የምጠይቃችሁ ችሮታ አይደለም። ሥራውም ከባድ አይደለም። እያንዳንዱ ቁልፍ የማይታይ ስም የሚጻፍበት ቦታ አለው፤ አንድሮይድ ላይ ኮንተንት ዲስክሪፕሽን፣ ድረ ገጽ ላይ ለምስል ኦልት ይባላል። ሙሉት። ግራጫ ጽሑፍ በነጭ ላይ አትጻፉ። ደከም ያለ እይታ ላላቸው ሰዎች ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ለተራ ጽሑፍ የሚጠይቀው የቀለም ልዩነት ቢያንስ 4.5 ለ 1 ነው። የሚስጥር ቁጥር ማስገቢያውን በራሳችሁ ፈጠራ ከመሥራት የስልኩን ተጠቀሙ። ጊዜ የሚቆጥር ነገር ካለም ማራዘሚያ ስጡት።

ጉግል ያወጣው አክሰሲቢሊቲ ስካነር የሚባል ነፃ አፕ አለ፤ ስም የሌለውን ቁልፍና የደበዘዘውን ጽሑፍ ለቅሞ ያሳያችኋል። ከሱ ቀጥሎ ቶክባክን አብሩና በራሳችሁ አፕ አንድ መቶ ብር ለመላክ ሞክሩ። ስክሪኑን ሳታዩ ይሁን። የተቻለ እንደሆነ ሥራችሁን ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ዓይነ ስውር ጠርታችሁ አስሞክሩት፣ የድካሙንም ክፈሉት፤ እናንተ በሳምንት የማታገኙትን ስሕተት በአንድ ቁጭታ ይነግራችኋል።

ስትሞክሩ መውጫው ከጠፋችሁ ስልኩን አጥፍታችሁ አታብሩ፣ ተመልሶ እያወራ ነው የሚነሳው። ሁለቱን የድምፅ ቁልፎች አንድ ላይ ተጭናችሁ ያዙ። እንቢ ካለ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ማጥፋት ነው፤ እዚያ ለመድረስ ግን እያንዳንዱን ነገር ሁለቴ መንካት አለባችሁ።